ጀጎልን በየትኛው በር ልግባ?

ባለፈው እትም ስለ ልጅነቴ ስጽፍ «ያደግኩት ከጀጎል ግንብ ሥር ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። እሷን ይዛችሁ መጣችሁ። ደብዳቤው፣ ቴሌግራሙ፣ የድምፅ መልእክቱ ሁሉ ስለ ሐረር ግንብ ሆነ። በጣም ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው አቆይቼ ስለ ግንቡ ብቻ እመልሳለሁ። ስማችሁን ትቼ የምትኖሩበትን ከተማ ብቻ ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎትና እንዳይቀየሙኝ። ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር ሐረር ሄጄ ነበር። ስለ ጀጎል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግኩ የጎንደርን ግንብ የመሰለ ነገር ነበር የጠበቅኩት። ያየሁት ግን ከቁመቴ እጥፍ ቢበልጥ ትንሽ የሚበልጥ የድንጋይ አጥር ነው። አንዱ ጋ ሱቅ ተለጥፎበታል፣ ሌላው ጋ ልብስ ተሰጥቶበታል። ፎቶ ተነሣን፣ ቡና ጠጣን፣ ወጣን። ሰው ምኑን አይቶ ነው የሚያደንቀው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለምን እቀየምሃለሁ? ያየኸውን ነው የጻፍከው። ግንቡ እውነትም አጭር ነው። ቁመቱ አራት ሜትር ገደማ ነው። የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ንጉሥ የኖረበት ቤት ነው፤ ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው የተሠራ ነው። ጀጎል ግን የከተማ አጥር ነው። ቀና ብለህ አታየውም። አጠገቡ ነው የምትሄደው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በየትኛው በር ገባችሁ? በመኪና ከሆነ የመጣችሁት በሐረር በር ገብታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ፈረስ መጋላ የሚባለው የመሐል አደባባይ ደርሳችሁ፣ በዚያው መንገድ ተመልሳችሁ ነው የወጣችሁት። ይህ በር ከስድስቱ ሁሉ የመጨረሻ ልጅ ነው። የተከፈተው መኪና ከመጣ በኋላ፣ መኪና እንዲያልፍበት ነው። በእሱ ገብቶ በእሱ የወጣ ሰው ግንቡን አቋርጦ አለፈ እንጂ አልጎበኘውም።

የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። በሰሜን ፈላና በር፣ በምሥራቅ ኤረር በር፣ በደቡብ ምሥራቅ ሰንጋ በር፣ በደቡብ ቡዳ በር፣ በምዕራብ ሸዋ በር። እነዚህ እኛ በአማርኛ የምንጠራባቸው ናቸው። ሐረሪዎቹ በር ማለትን «በሪ» ነው የሚሉት፤ በእነሱ ቋንቋ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ በድሮ በሪ፣ አስመዲን በሪ ናቸው። ኦሮሞውና ሶማሌውም የየራሱ ስም አለው። የከተማው አምስት ሰፈሮች የሚጠሩትም በእነዚሁ በሮች ነው። ሐረር ላይ አንድን ሰው «የት ነህ?» ስትለው በር ነው የሚነግርህ።

አሁን ምክሬን ስማኝ። ተመልሰህ ሂድ። ጓደኞችህ ባይከተሉህም ብቻህን ሂድ። ማልደህ ተነሥና ሸዋ በር ጀምር። በዚያ ግባ፤ በፈላና በር ውጣ። ከዚያ ግንቡን በቀኝ እጅህ ይዘህ በውጭ በኩል እስከ ኤረር በር ሂድ። በኤረር ግባ፣ በሰንጋ ውጣ። እንደገና በውጭ እስከ ቡዳ በር። በቡዳ ግባና በመጨረሻ በሐረር በር ውጣ። ልብስ እንደሚሰፋ መርፌ ነው የምትሆነው፤ ትወጣለህ፣ ትገባለህ። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ውስጡም 48 ሄክታር ብቻ ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ደቂቃ አያስኬድም። ግን ግማሽ ቀን ስጠው።

ለምን ውጣ ግባ እንደምልህ ኤረር በር ስትደርስ ይገባሃል። በውጭ በኩል መሬቱ ወደ ኤረር ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ላይ ከታች የሚመጡ የኦሮሞ እናቶች ማገዶ ተሸክመው፣ አንዳንዷም አህያ እየነዳች ዳገቱን ይወጣሉ። በሩ ሥር ሲደርሱ ትንሽ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ጀርባቸውን ግንቡን አስደግፈው። ሸክሙ እንዳለ ነው፤ ግንቡ ይይዝላቸዋል። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ በሰው ጀርባ ቁመት ላይ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ስንት መቶ ዓመት ስንት ጀርባ እንዳለሰለሰው አስበው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ስትገባ ፀሐዩ ይቀራል፣ ነፋሱ ይቀራል። ግራና ቀኝህ በኖራ የተለሰነ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ የተቀባ ግድግዳ ነው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ማዞር አለበት። እንዲህ ያለው ጠባብ መንገድ 368 ነው ይባላል። የሚቆላ ቡና ይሸትሃል። ወደ መሐል ከዘለቅህ የልብስ ስፌት ሲንጀሮች ጩኸት ትሰማለህ፤ ሰፈሩም ስሙ «መኪና ግርግር» ነው። ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት አታገኘውም።

ሱቅ ተለጥፎበታል፣ ልብስ ተሰጥቶበታል ያልከው እውነት ነው። እኔን ግን ይህ አያሳዝነኝም። ጀጎል ውስጥ ሰው ይኖራል። ይወለዳል፣ ያገባል፣ ይቀበራል። ልብስ የሚሰጣበት ግንብ ባለቤት ያለው ግንብ ነው። የሚያሳዝነኝን ወደ ታች ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራክረናል። እኔ ግንቡን አሚር ኑር እንደሠራው ነው የተማርኩት። እሱ ደግሞ «13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተጀመረ ነው፣ አስጎብኚው ነግሮኛል» ይላል። ማናችን ነን ልክ? ለምንስ ተሠራ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ከመሬት ተነሥታችሁ አይደለም። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግንቡ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠራ ነው የጻፈው። የሐረር ሰው ግን ግንቡን የሚያውቀው የአሚር ኑር ሥራ አድርጎ ነው። ልጅ ሆነን «ይህን ማን ሠራው?» ብለን ስንጠይቅ የሰማነው አንድ ስም ነው። ኑር።

ታሪኩን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ፤ ምክንያቱም ግንቡ የተሠራው በድል ጊዜ ሳይሆን በጭንቅ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ሱልጣን አቡበከር ኢብን መሐመድ መቀመጫቸውን ከደከር ወደ ሐረር አዛወሩ። ከዚያ ከአፄዎቹ ጋር የተዋጉት የኢማም አሕመድ ዘመን መጣ። ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ በተባለ ቦታ በጦርነት ሲሞቱ ሐረር የላከችው ጎልማሳ ሁሉ አለቀ ማለት ይቻላል። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመለሱ። የባላቸውን ደም የሚመልስ ሰው ነበር የሚፈልጉት። ያ ሰው ኑር ኢብን ሙጃሂድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1552 አሚር ሆነ፤ በ1559 ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋጋ፤ ንጉሡም በዚያ ጦርነት ሞቱ። ድል ወንበራም አገቡት።

አሸነፈ እንጂ ከተማው አላረፈም። በዚያው ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ከደቡብ እየተስፋፋ ነበር። ሐረር ደግሞ ተዋጊዋን በጦርነት ጨርሳለች። ረኃብ ገባ። እህል ተወደደ። ኑር ግንቡን ያቆመው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። እስቲ አስቡት፤ የሚበላ በሌለበት ጊዜ ድንጋይ መፍለጥ፣ መሸከም፣ ጭቃ ማቡካት። እኔ ግንቡ ለምን አራት ሜትር ብቻ ሆነ ብዬ አልጠይቅም። በዚያ ጉልበት አራት ሜትር መድረሱ ነው የሚገርመኝ።

ከረኃቡ በኋላ ወረርሽኝ መጣ። ጦርን ያቆመ ግንብ በሽታን አላቆመም። ኑር ራሱ እ.ኤ.አ. 1567 አካባቢ በዚያው በሽታ ሞተ። መቃብሩ ጀጎል ውስጥ ነው። አረንጓዴ የተቀባ፣ ድንጋዮች እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ያሉበት ሾጣጣ ጉልላት አለው። ግንቡን አይቶ እሱ ጋ ሳይደርስ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። እ.ኤ.አ. በ1647 ዓሊ ኢብን ዳውድ የራሱን አሚርነት መሠረተ፤ ሐረር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአሚሮቿ ስትተዳደር ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1855 ጥር ላይ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ገብቶ አሥር ቀን ተቀመጠ። እሱ የጻፈው አንድ ነገር ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። በሮቹ ይጠበቁ ነበር፤ ማታ ማታ ቁልፎቻቸው ለአሚሩ ይወሰዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ የሚወጣ የለም። ቀን ቀን ግን ያ ሁሉ የገጠር ሰው ቡናውን፣ እህሉን፣ ቅቤውን ይዞ ይገባል። ግንቡ ጠላት የተባለውን ከለከለ ቢባልም ከተማው የኖረው በሩን በየቀኑ በመክፈት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1875 ግብፆች ገብተው አሥር ዓመት ቆዩ። እነሱ ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ነገሠ፤ ሁለት ዓመት አልሞላውም። በ1879 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር የተዋጋው ግንቡ ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ፣ ጨለንቆ ላይ ነው። ነገሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የከተማው ገዥ ራስ መኰንን ሆኑ። ሐረሪ ቤት ከገባችሁ መደቡ ቀይ የተቀባውን እዩ። ለጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው ይሏችኋል። ግንቡ የማይነግራችሁን መደቡ ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ አባቴ የሐረር ልጅ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ማታ ማታ ተረት ሲነግረን «ጅቦቹ በግንቡ ቀዳዳ ይገባሉ፣ ማንንም አይነኩም» ይለን ነበር። እኔ ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። እውነት ነው ወይስ አባቴ ሊያስተኛን ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እውነት ነው የኔ እህት። አባትሽ አልዋሹሽም። ለልጆችሽ በሙሉ ልብ ንገሪያቸው።

ግንቡ ሥር፣ ከመሬት ጋር እኩል፣ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» ይሏቸዋል። ዋራባ ጅብ ነው፤ ኑዱል ቀዳዳ። የዝናብ ውኃ ከከተማው ይወጣባቸዋል። ሌሊት ደግሞ ጅብ ይገባባቸዋል። በጠባቡ መንገድ እየዞረ የተጣለውን ሥጋና አጥንት ይለቅማል። ሳይነጋ በገባበት ይወጣል። ለሰው በር ያለው ግንብ ለጅብም በር አለው ማለት ነው። እኔ ይህን የመሰለ አጥር ሌላ ቦታ አላየሁም።

አንድ ሌሊት ጀጎል ውስጥ፣ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቤት አድሬ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከመንገዱ በኩል የጥፍር ድምፅ መጣ። ድንጋይ ላይ ቸክ ቸክ ይላል። ከዚያ የትንፋሽ ድምፅ፣ ልክ ከበሩ ሥር። እኔ ብርድ ልብሱን ነከስኩ። አያቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መንገደኛ ነው፣ ተኚ» አሉኝ። ይኸው ነው። በማግስቱ ጠዋት ማንም አላነሣውም።

ስለ ገንፎውም አባትሽ ነግረውሽ ይሆናል። በሙስሊሞች የአሹራ በዓል ሌሊት ለጅቦች ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። መነሻው በጥንት የረኃብ ዘመን ሰውና ጅብ የተስማሙበት ቃል ነው ይባላል። ጅቡ ከግማሽ በላይ በልቶ ትንሽ ካስተረፈ ዓመቱ ጥጋብ ነው። ጭራሽ ካልነካው ወይም ሙልጭ አድርጎ ከጨረሰው ግን ያሳስባል። አሁን ለእንግዳ የሚታየው በየምሽቱ ሥጋ የማጉረሱ ሥራ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። ልጆችሽን ስታመጪ ጨለማው ሲይዝ ከግንቡ ውጭ ታገኙታላችሁ። ግን መጀመሪያ ቀን ላይ ቀዳዳውን አሳዪያቸው። ቁጭ በሉና እጃችሁን ሰዳችሁ ጠርዙን ንኩት። በጅብ ጎን ተፍቆ ለስልሷል። አያታቸው ያዩትን ቀዳዳ ነው የሚያዩት።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ልወስዳት ቃል ገብቻለሁ። «እዚያ ድረስ ሄጄ ሐረርን ሳላይ አልመለስም» አለችኝ። ዳገትና ቁልቁለት ነው ይባላል። እንዴት ላድርግ? ደግሞስ ክርስቲያን ብንሆን ችግር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጨረሻውን መጀመሪያ ልመልስ። ምንም ችግር የለውም። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድና 102 የሻይኾች መካነ መቃብር አለ። ፈረስ መጋላ ላይ ደግሞ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። እናትሽ እዚያ ተሳልመው መጀመር ይችላሉ። መስጊድ ውስጥ ለመግባት ግን ሳይጠየቅ አይገባም። ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ሰው ለጸሎት ስለሚወጣ መንገዱ ይሞላል፤ ያኔ አረፍ በሉ።

የቁልቢ ሰሞን አልጋ ማግኘት ፈተና ነው። ከበዓሉ ማግስት ወዲያው አትሂዱ። ከቻላችሁ ድሬዳዋ አንድ ሁለት ቀን አርፋችሁ ሰው ሲቀንስ ውጡ። ከድሬ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደንገጎና በሐረማያ በኩል ነው የምትወጡት። ከድሬ ሙቀት በኋላ የሐረር አየር ለእናትሽ ምሕረት ነው።

ለጉልበታቸው እንዲህ አድርጊ። ዙሪያውን በእግር አታስኪጃቸው። ጠዋት ባጃጅ ተኮናተሪና በውጭ በኩል ከበር በር ውሰጃቸው። በየበሩ ይውረዱ፤ አሥር እርምጃ ይግቡ፤ ይመለሱ። ኤረር በር ላይ ግን ብዙ ቁጭ ይበሉ። ከዚያ አንድ የሐረሪ ቤት ውስጥ አስገቢያቸው። እንግዳ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ። ጫማ ውጭ ይቀራል። ቤቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ እያንዳንዱ የማን መቀመጫ እንደሆነ ይታወቃል። ግድግዳው በሰፌድና በሳህን የተሸፈነ ነው። እናትሽ ሰፌዶቹን ሲያዩ ጉልበታቸውን ይረሱታል፤ ይህን ከራሴ እናት አውቀዋለሁ።

ጫማቸው ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ይሁን። የመንገዱ ድንጋይ በእግር ብዛት ለስልሷል፤ ዝናብ ከነካው አደገኛ ነው። ገበያ ውስጥ ሰው ከማንሳትሽ በፊት አስፈቅጂ፣ በተለይ ሴቶችን። ከሰዓት በኋላ ከተማው ዝግ ይላል፤ የጫት ሰዓት ነው። ሥራችሁን ጠዋት ጨርሱ። ሲመሽ ከተማውን ከላይ ማየት ካማራችሁ መኪና ይዛችሁ በሐኪም ተራራ በኩል ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ከዚያ ጀጎል አንድ ላይ ተሰብስቦ ይታያል። የመኪናው በር ተከፍቶ ከተቀመጡበት ሆነው ያዩታል።

ጥያቄ፦ የሐረሪ ተወላጅ ነኝ። ልጆቼ እዚህ ነው የተወለዱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ላመጣቸው ነው። መቼ ልምጣ? (ከጅዳ)

መልስ፦ ለሹዋሊድ በዓል ነዋ! ከረመዳን በኋላ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲፈታ። አው ሹሉም አሕመድና አው አክበራ በሚባሉት መካነ መቃብሮች ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው ሲጋጭ፣ ልጃገረዶቹና ወጣቶቹ ለብሰው ሲወጡ ልጆችህ ይዩ። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ግንቡን ባዶ መንገድ ላይ ከማሳየት ዘመዶቻቸው ከሞሉበት ቀን ማሳየት ይሻላል። መንገዱንማ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ አምና ሐረር ሄጄ ከግንቡ ሥር ወድቆ ያገኘሁትን ትንሽ ነጭ ድንጋይ ይዤ መጣሁ። ሳሎኔ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ሰው ሲጠይቀኝ «የጀጎል ነው» ስል ደስ ይለኛል። በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ «ይህ እኮ ስርቆት ነው» አለችኝና ከዚያ ወዲህ ባየሁት ቁጥር ይጨንቀኛል። ወድቆ ነው ያገኘሁት። ምን ላድርግ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ መልሺው። ክፉ ሰው ነሽ ማለቴ አይደለም። በፍቅር እንደወሰድሽው ይገባኛል። ግን መልሺው። ለምን እንደምልሽ ከራሴ ልንገርሽ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሸዋ በር አጠገብ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። የምንወረውረው ጠጠር ጠፋብን። ግንቡ ላይ ጠፍጠፍ ያለች፣ ነጣ ያለች ድንጋይ አየሁ። ያ ድንጋይ የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሃሺ ይሉታል። ቀላል ነው፣ ለእጅ ይመቻል። በጣቴ ፈለቀቅኳት። ወጣች። ከኋላዋ ደረቅ ጭቃ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ከላይዋ ያለው ድንጋይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እሱም ወረደና እግሬ አጠገብ ወደቀ። በተከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የእንጨት ጫፍ ታየኝ። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን እንዲያያይዝ ውስጡ እንጨት ይጋደምበታል። ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

ከፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት ሐረሪ አሮጊት ወጡ። ልሮጥ ነበር። ክንዴን ያዙኝ። አልመቱኝም። የፈሰሰውን ጭቃ በእፍኛቸው አፈሱና መዳፌ ላይ አደረጉት። «ይቺን ማን ያቦካታል?» አሉኝ።

እኛው ነን ያቦካናት። ከቤታቸው ውኃ በጣሳ ሰጡን። አፈሩን ከየት እንደምናመጣ አሳዩን። ጭድ ጨመሩበት። ጭቃው እጅ ላይ ሳይለጥፍ ግን ሲጫኑት የሚታዘዝ እስኪሆን ድረስ ረገጥነው። ከዚያ ትልቁን ድንጋይ መለሱ፤ ትንሿን እኔ በራሴ እጅ እንድመልሳት አደረጉ። ገፋኋት። ጭቃው በዙሪያዋ ብቅ አለ። በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ማንነታችንን እንኳ አልጠየቁንም። ለእናቴም አልነገሩብኝም።

አየሽ፣ ከጭቃ ግንብ ላይ የወደቀ ድንጋይ ትርፍ ድንጋይ አይደለም። የሚጠግነው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ራሱ ድንጋዩ ከሌለ ሌላ ይፈልጋል። ሌላ ከሌለ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይመጣል። ከላይ ያሳዝነኛል ያልኩት ይህ ነው። የጭቃ ግንብ ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት መተንፈሻው ይዘጋል። ውኃው ውስጡ ይቀራል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ድንጋዩ ከነቆዳው ይፈነከታል። ከውጭ ሲታይ የተጠገነ ይመስላል። ከቤቶቹም ብዙዎቹ እንዲህ ሆነዋል፤ የድሮው ልስን ተፍቆ ሲሚንቶ ገብቷል፣ የእንጨቱ በር በብረት ተቀይሯል። ሰዎቹን አልወቅስም። ባለሙያ የለም፣ እንጨት ውድ ነው፣ ክረምት አይጠብቅም። ግን በተቻለ መጠን የግንቡ ድንጋይ እዚያው ይቆይ። ጭቃውን የሚያውቅ እጅም ይገኝ።

ስለዚህ ሐረር የሚሄድ የምታምኚው ሰው ስታገኚ ላኪው። አንቺው ከሄድሽ ደግሞ እዚያው ላለው የቅርስ ቢሮ አስረክቢ። ከየትኛው በር አጠገብ እንዳነሣሽው በወረቀት ጽፈሽ ጠቅልዪበት። ቦታውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መደርደሪያሽ ላይ ፎቶውን አድርጊ፤ ሲጠይቁሽም የመለስሽበትን ታሪክ ንገሪያቸው።

እኔ ሐረር ስሄድ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ሻንጣዬን ይዤ መጀመሪያ የምሄደው ሸዋ በር ነው። አሮጊቷ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው ሌላ ሰው ይኖርበታል። ያቺ ድንጋይ ግን ቦታዋ ላይ ነች። በዙሪያዋ ያለው ጭቃ ከሌላው ትንሽ ቀላ ይላል፤ አፈሩ ከሌላ ቦታ ስለመጣ ይሆናል። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አያታለሁ። እስካሁን አልተነቃነቀችም።